ከሥራ ጎን ለጎን ልብ ወለድ የምትጽፉ፣ ቀኑ እንዴት ይበቃችኋል?

ሰርቪስ_ላይ (ክሩን የከፈተ)
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:40

ሰላም ለዚህ ቤት።

አራት ዓመት ሙሉ አንድ ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። ቀን ቀን የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሁለት ልጆች አሉኝ። ጠዋት 12 ተኩል ላይ የመሥሪያ ቤቱን ሰርቪስ ካልያዝኩ አለቀልኝ። ማታ ስገባ ደግሞ ጭንቅላቴ ውስጥ ከቁጥር ሌላ ምንም የለም።

ስለዚህ ከሌሊቱ 10 ሰዓት መነሳት ጀመርኩ። የመጀመሪያው ሳምንት አሪፍ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ማታ ስመለስ ሰርቪስ ላይ እንቅልፍ ጥሎኝ መውረጃዬን አልፌ ሄድኩ። በሦስተኛው ሳምንት ባለቤቴ «ከመጽሐፉ ጋር ተጋባ በቃ» አለችኝ። ተውኩት።

አሁን የምጽፈው ሰርቪስ ውስጥ፣ ስልኬ ላይ፣ በአንድ አውራ ጣት ነው። በሌላው እጄ ምሳ ዕቃዬን ይዣለሁ።

ሁለተኛው ችግሬ ንባብ ነው። የማነበው ሰው ይጋባብኛል። ባለፈው ወር ዘመነ ባላባት ላይ የተጻፈ አንድ ረጅም ልብ ወለድ ጨረስኩ። በነጋታው የኔዋ አከራይ (ገጸ ባሕርይ ናት፣ ሰፈሯ ጉለሌ ነው) እንደ ደብተራ ማውራት ጀመረች። ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ ቆሜያለሁ። እናንተ እየጻፋችሁ ታነባላችሁ ወይስ ንባብ ታቆማላችሁ? ሰዓቱንስ ከየት ነው የምታመጡት?


ደብተር_127
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:15

ወንድሜ፣ ብቻህን እንዳልሆንክ ልንገርህ። እንግሊዛዊው አንቶኒ ትሮሎፕ ከ47ቱ ልብ ወለዶቹ ወደ ግማሽ የሚጠጉትን የጻፈው የፖስታ ቤት ሠራተኛ ሆኖ ነው። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ጠረጴዛው ላይ ይሰየማል። ሰዓቱን ፊት ለፊቱ ያስቀምጣል። በየ15 ደቂቃው 250 ቃል። ይህን ራሱ በግለ ታሪኩ ላይ ነው የጻፈው። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ግን አይጽፍበትም። የትናንቱን ያነብበታል፣ ጆሮው እንዲለምደው።

ናጊብ ማሕፉዝም እስከ 1971 እ.ኤ.አ. ድረስ የግብፅ መንግሥት ሠራተኛ ነበር። ጠዋት ቢሮ፣ ከሰዓት በኋላ ጽሑፍ። የዓይን አለርጂ ስለነበረበት በሞቃቱ ወራት ጭራሽ አይጽፍም ነበር። ኖቤሉን በ1988 ሲሸልሙት ጡረታ ከወጣ 17 ዓመቱ ነበር።

ሩቅ ምን ያስኬደናል፣ በዓሉ ግርማስ? ጋዜጠኛና አዘጋጅ ሆኖ እየሠራ ስድስት ልብ ወለድ አሳትሟል። የመጀመሪያው፣ «ከአድማስ ባሻገር»፣ ቢሮ ተቀምጦ ሰዓሊ መሆን ስለሚመኝ ሰው ነው። እንግዲህ ይህን ስሜት ፍለጋ ሩቅ የሄደ አይመስለኝም።


ሽሮ_በቅቤ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:31

@ደብተር_127 ያልነገርከን ነገር አለ። ትሮሎፕን የሚቀሰቅሰው አሽከር ነበረው። ለዚህ ሥራ ብቻ በዓመት 5 ፓውንድ ጨምሮ ይከፍለዋል፣ ቡናም ያመጣለታል። እኔ ቤት ቡናውን የማፈላው እኔ፣ ሲኒውን የማጥበው እኔ፣ ልጅ ሲያለቅስ የምነሳው እኔ። የወንድ ደራሲዎችን ፕሮግራም ስትነግሩን ጓዳ ማን እንደነበረ አብራችሁ ንገሩን እስኪ።


ደብተር_127
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:38

@ሽሮ_በቅቤ ተቀብያለሁ። ወይ ፍንክች የምልበት የለም።


ወይራ_ጢስ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5:02

@ሽሮ_በቅቤ እጅሽ ይባረክ። ከዚያው ልቀጥል።

ሁለት መጽሐፍ አሳትሜያለሁ። ሁለቱንም የጻፍኩት የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው። «ዕለታዊ የፈጠራ ሕይወት» ሲባል ሰዎች ሻማና ጸጥታ ይመስላቸዋል። የኔ ቀን እንዲህ ነው። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ሁለት ሰዓት ተኩል ይሆናል። እስከ አራት ተኩል እጽፋለሁ። ያቺ ሁለት ሰዓት ናት ሀብቴ። መብራት ከሄደ በደብተር እጽፋለሁ፣ ውኃ ከመጣ ግን መጻፌን ትቼ እቀዳለሁ። እዚህ ከተማ ውኃ ከምዕራፍ ይቀድማል።

የቀረው ሰዓት «የማልጽፍበት» ነው፣ ግን ልብ ወለዱ የሚሠራው እዚያ ውስጥ ነው። ሽንኩርት ስከትፍ፣ ወረፋ ስጠብቅ። አንድ ገጸ ባሕርይ ለምን እንደዋሸ የገባኝ ወፍጮ ቤት ነው። እዚያው የጤፉ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ጻፍኩት። ደረሰኙ አሁንም አለኝ፣ ዱቄት እንደነካው።

ስለ ንባብ፦ ረቂቅ በእጄ ካለ የአማርኛ ልብ ወለድ አላነብም። አንተ ያልከው መጋባት እውነት ነው። ግን ንባብ አላቆምም። ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ) ሄጄ የድሮ ጋዜጣ አገላብጣለሁ። በተለይ ማስታወቂያዎቹን። «የጠፋ በቅሎ ያገኘ ወሮታ ይከፈለዋል» የምትል አንዲት መስመር ከአንድ ልብ ወለድ የበለጠ ምግብ ትሆነኛለች። ልብ ወለድ የማነበው ረቂቄን ከጨረስኩ በኋላ ነው። ያኔ እንደ ረሃብተኛ ነው የማነበው።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ። ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ የቆምከው እውነት በሰዓት እጥረት ነው? ከዚያ ምዕራፍ አምስት ስድስት መስመር እዚህ ለጥፍልን።


ቡዝ_ቁጥር_2
ረቡዕ፣ ከሌሊቱ 8:20 (በናንተ)

ከቨርጂኒያ ነኝ። የመኪና ማቆሚያ ጋራዥ ነው የምሠራው። እኔ ሰዓት ሞልቶኛል። ከምሽት እስከ ሌሊት ቡዝ ውስጥ ተቀምጬ በሰዓት አራት መኪና ብትወጣ ነው። ሰባት ደብተር ጽፌያለሁ። ንባብም እንዲሁ፣ አገር ቤት ሳለሁ በዕድሜዬ ያላነበብኩትን እዚህ በሁለት ክረምት አንብቤያለሁ።

የኔ ችግር ሌላ ነው፤ ጆሮ ነው የጎደለኝ። የወጣሁት በ1999 ነው። የገጸ ባሕርዮቼ የአራዳ ቋንቋ እዚያው ቆሞ ቀርቷል። ባለፈው አንድ የ20 ዓመት ልጅ ጓደኛውን «ጀለስ» ብሎ ሲጠራ ጻፍኩና ለእህቴ በስልክ አነበብኩላት። ሳቀች። «እሱ ቃል አሁን የአባቶች ነው» አለችኝ። የስንት ዓመት ሰው እንደሆንኩ ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

መፍትሔ ያልኩት ልብ ወለዱን ወደ 1998 መመለስ ነው። አሁን ማንም አይስቅብኝም። በ1998 አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ ምን እንደሚባል እኔን የሚበልጠኝ የለም። ሰርቪስ_ላይ፣ አንተ በቀን ሁለቴ የምትሳፈርበት ነገር ለኔ ወርቅ ነው። ስልኩን አስቀምጥና ስማ።


ሰርቪስ_ላይ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1:05 (ሰርቪስ ውስጥ)

@ወይራ_ጢስ እሺ። አትሳቁብኝ። ሠናይት ተከራይ ናት፣ እማማ በለጡ አከራይ። ኪራይ ሁለት ወር አልፏል።

እማማ በለጡ በሩን ከፈቱ። ሠናይት ደነገጠች።
«ኪራዩን መቼ ነው የምትከፍዪው?» አሉ እማማ በለጡ በቁጣ።
«በሳምንቱ መጨረሻ እከፍላለሁ» አለች ሠናይት በፍርሃት።
«ባለፈውም እንዲህ ነበር ያልሽው» አሉ እማማ በለጡ በንዴት።
«እባክዎ ይታገሡኝ» አለች ሠናይት በለቅሶ ድምፅ።

ይህችን ገጽ ስድስት ጊዜ ጽፌያታለሁ።


ሽሮ_በቅቤ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1:22

በቁጣ፣ በፍርሃት፣ በንዴት፣ በለቅሶ። በአራት መስመር አራት ስሜት። የቴአትር መመሪያ ነው የሚመስለው።


ወይራ_ጢስ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 5:10

ሽሮ ትንሽ ጠንከር አለች እንጂ እውነቷን ነው። እነዚያን አራት ቃላት አውጣቸውና ምን እንደሚቀር እይ። ባዶ ከሆነ ቁጣው ከመጀመሪያውም ንግግሩ ውስጥ አልነበረም ማለት ነው።

ከዚህ የሚብስ ሌላ ነገር አለ። እማማ በለጡ በቀጥታ ጠየቁ። የትኛዋ የአዲስ አበባ አከራይ ናት በር አንኳኩታ «ኪራይ» ብላ የምትጀምር? እኔ ዘጠኝ ዓመት ተከራይቼ ኖሬያለሁ። በሌላ ነገር ነው የሚመጣው። በውኃ፣ በቆጣሪ፣ «ማታ መብራት ሳታጠፊ ተኛሽ መሰለኝ» በሚል። የኔ አከራይ ኪራይ በከፈልኩበት ሳምንት «ልጄ» ነበርኩ። ሲያልፍ «አንቺ ልጅ» እሆናለሁ። ወሩ ሲጋመስ ደግሞ ከናካቴው እኔን ማናገር ትተው ለግቢው ይናገራሉ፦ «እሷማ ምን አለባት!» እኔ ፊታቸው ቆሜ! ከ«አንቺ» ወደ «እሷ» ተዛወርኩ። ስድብ የለበትም፣ ድምፅ ከፍ አላለም። እኔ ግን ያን ሌሊት አልተኛሁም።

ቋንቋችን ይህን ሁሉ በነፃ ሰጥቶናል። አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ እሷ፣ እሳቸው። ሁለት ሰዎች በስንተኛው ገጽ ላይ ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» እንደሚሻገሩ ሳላውቅ ምዕራፍ አልጀምርም። እሱን ካወቅኩ ግማሹ ታሪክ በእጄ ነው። ከአንቺታ ወደ እርስዎታ በአሽሙር ሲመለሱ ደግሞ ጠቡ ራሱ ነው፣ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።


ጋሽ_ሬዲዮ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 9:30

ልጆች፣ እኔ ደራሲ አይደለሁም፣ አንባቢ ነኝ። 68 ዓመቴ ነው። እንደው ጣልቃ ልግባ።

«ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የሰማሁት በጆሮዬ ነው፣ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲያነብበው። እኛ ቤት ሬዲዮ ስላልነበረ ጎረቤት እንሄድ ነበር። ቡና ይፈላል፣ ማንም አያወራም። ከዚያ በኋላ የማነበውን መጽሐፍ ሁሉ በጆሮዬ ነው የምመዝነው። አሁንም ባለቤቴ «ማንን ነው የምታናግረው?» ትለኛለች።

ጮክ ተብሎ ሲነበብ የሚያስጠላው ነገር ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። አማርኛ ግሡን ጭራ ላይ ያስቀምጣል። ጸሐፊው ካልተጠነቀቀ ጭራው ሁሉ አንድ ዓይነት ይሆናል። «ዝናብ ይዘንብ ነበር። መንገዱ ጨለማ ነበር። ውሻ ይጮህ ነበር።» ነበር፣ ነበር፣ ነበር። ወፍጮ ነው። «ዝናብ ነው። መንገዱ ጨልሟል። አንድ ውሻ ይጮሃል።» ቢባል ምን ይጎድላል? ልጄ ሰርቪስ፣ ያንተም ገጽ እንዲሁ ነው። «አሉ፣ አለች፣ አሉ፣ አለች።» ሁለት ሰዎች ብቻቸውን ቆመው ሲያወሩ ማን እንደተናገረ እናውቃለን እኮ። በዚያ ላይ አንዷ «እማማ» ስትል ሌላዋ «አንቺ» ትላለች። ስም መጥራት ምን ያደርጋል?

በአውራ ጣቴ እጽፋለሁ ብለህ የተከዝክበትን ግን ተወው። ነቢይ መኮንን ማዕከላዊ ታስሮ «ነገም ሌላ ቀን ነው»ን (የማርጋሬት ሚቼልን «Gone with the Wind») ሲተረጉም የጻፈው በሲጋራ ፓኮ ውስጥ ባለው ወረቀት ላይ ነው። ወደ 3,000 የሚጠጋ ቁራጭ። ያንን ማሰብ ራሱ እጄን ያሳክከኛል።


ሰርቪስ_ላይ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:50

ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። አሁን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ሦስተኛው «በንዴት» ላይ ስደርስ ራሴን መስማት አልቻልኩም። እሷ ዝም ብላ አዳምጣ «ሴትየዋ እኮ እናትህን ነው የምትመስለው፣ እናትህ ደግሞ እንዲህ አያወሩም» አለችኝ። ስድስት ጊዜ ጽፌው አላየሁትም።

የሰዓት ችግር አልነበረም ማለት ነው። ወይም እሱ ብቻ አልነበረም። ምዕራፉን ስለፈራሁት ነው መሰለኝ ሰዓት ያጠረኝ።


ታይፒስቷ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3:15

ሰላም። የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት አለኝ፣ የሰው ረቂቅ ስተይብ 14 ዓመቴ ነው። ስለ ድርሰት የምለው የለኝም። ስልክ ላይ ስለሚጽፈው ልጅ ግን ሐሳብ ገባኝ።

አንድ ደንበኛ ነበሩኝ፣ 400 ገጽ ልብ ወለድ። በድሮ ጊዜ፣ በዩኒኮድ (የዛሬ ኮምፒውተሮች በሚያውቁት አሠራር) ባልሆነ ፊደል አስተይበው በፍላሽ ይዘው ዞሩ። ዓመታት አለፉ። እኔ ጋ ሲያመጡት ፋይሉ ተከፈተ፣ ፊደሉ ግን ሁሉ የላቲን ቁርጥራጭና የጥያቄ ምልክት ሆነ። ሽማግሌው ስክሪኑን አይተው «ልጄ፣ ይሄ የኔ አይደለም፣ ፈረንሳይኛ ነው» አሉኝ። ያንን የድሮ ፊደል ለማግኘት ስንት ኮምፒውተር ቤት እንደዞርኩ! በመጨረሻ ከወረቀት ኮፒ ላይ አዲስ ተየብኩት። ወረቀት ስለነበራቸው ነው የዳኑት።

ስለዚህ ወንድሜ፦ በየሳምንቱ ረቂቅህን ለራስህ በኢሜይል ላክ። በየምዕራፉ ደግሞ አትምና ካርቶን ውስጥ ጣል። ስልክ ይሰረቃል፣ ሰርቪስ ላይ ተኝተህ ደግሞ ቶሎ ይሰረቃል።

ሌላም ምሥጢር ላውጣ። ስተይብ ታሪኩን አልሰማም፣ ጣቴ ብቻ ነው የሚሠራው። አንዳንዴ ግን ጣቴ ይቆማል። መተየቡ ቀርቶ ማንበብ እጀምራለሁ። በ14 ዓመት ምናልባት አሥር ጊዜ ቢሆን ነው። ያቺን ገጽ ለደራሲው ምልክት አደርግለታለሁ።


ቡዝ_ቁጥር_2
ሐሙስ፣ ከቀኑ 7:00

@ታይፒስቷ እህቴ፣ ሰባቱን ደብተሮች ብልክልሽስ? የእጅ ጽሑፌ ግን የሐኪም ነው።


ታይፒስቷ
ሐሙስ፣ ከቀኑ 7:40

@ቡዝ_ቁጥር_2 የዳኛም አንብቤያለሁ። ላክ። ግን ፎቶ አንስተህ አስቀር፣ ዋናውን ብቻውን በሰው እጅ አትላክ።


ሽሮ_በቅቤ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4:05

ስለ ማሳተም ማንም አላነሳም። ወይራ፣ አንቺ በራስሽ ወጪ ነው ያሳተምሽው?


ወይራ_ጢስ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4:44

በራሴ። እቁብ ወጥቶልኝ። 1,000 ኮፒ። መጀመሪያ አዟሪዎቹ ጋ ሄድኩ፣ ክንዳቸው ላይ እስከ አገጫቸው ከምረው የሚዞሩት። አንዱ ልጅ ሽፋኑን አየ፣ ጀርባውን አየ፣ የመጀመሪያዋን ገጽ እዚያው ፀሐይ ላይ ቆሞ አነበበ። «ሃያ ስጪኝ» አለ። እንደዚያ ዓይነት ፈተና ተፈትኜ አላውቅም። ከሁለተኛው መጽሐፍ ወደ ሦስት መቶ የሚሆነው አሁንም አልጋዬ ሥር አለ። እንግዳ ሲመጣ ሻንጣ ማስቀመጫ የለንም።

ገንዘቡን ዛሬ አታስቡት። የሚያስፈራ ነገር ሞልቷል፣ እሱ ይቆያችሁ።


ሰርቪስ_ላይ
ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ፣ ከጠዋቱ 4:00

ተመለስኩ። ሪፖርት ላቅርብ።

የሌሊት 10 ሰዓቱን ትቻለሁ። ጠዋት ሰርቪስ ላይ አልጽፍም፣ እሰማለሁ ወይም የትናንቱን አነባለሁ። ማታ ስመለስ ነው የምጽፈው፣ 40 ደቂቃ፣ ከዚያ ቤት በር ላይ ይበቃል። እሑድ ጠዋት ልጆቹን ባለቤቴ ትይዛለች፣ ቅዳሜ ከሰዓት እኔ እይዛለሁ፣ እሷም ያቺን ሰዓት ለራሷ ወስዳለች (ሽሮ ሆይ፣ ይመዝገብልኝ)። እሑድ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሄጄ እቀመጣለሁ። ዙሪያዬ ለፈተና የሚያጠኑ ልጆች ናቸው። ሁሉም ሲሠራ መቀመጥ ያሳፍራል፣ እኔም እሠራለሁ።

ገጿ ይህች ናት። ሰባተኛ ጊዜዋ ነው።

በሩ ሁለቴ ተንኳኳ።
«ውኃ መጥቷል። አልቀዳሽም?»
«አሁን ልወጣ ነበር፣ እማማ።»
እማማ በለጡ አልሄዱም። ዓይናቸው የሠናይትን ትከሻ አልፎ አልጋው ሥር ገባ።
«ጫማ ገዛሽ?»
«የጓደኛዬ ነው።»
«እሰይ። ጓደኛ ጥሩ ነው።»
ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ግቢው ዞሩ። ግቢው ውስጥ ከባልዲዎቹ በቀር ማንም የለም።
«እሷስ ጓደኛ አላት» አሉ።


ጋሽ_ሬዲዮ
እሑድ፣ ከጠዋቱ 4:50

ጮክ ብዬ አነበብኩት። ባለቤቴ ከጓዳ «ማናት እሷ?» አለችኝ።


ወይራ_ጢስ
እሑድ፣ ከቀኑ 6:12

ባልዲዎቹ! ኪራይ የሚለው ቃል አንዴም አልተነሳም። «ነጠላቸውን አስተካክለው» የምትለዋን እኔ ብሆን አወጣታለሁ፣ ሁሉም አሮጊት ነጠላ ያስተካክላል። የቀረውን አትንካው።


ሽሮ_በቅቤ
እሑድ፣ ከቀኑ 6:30

ተመዝግቧል።


ታይፒስቷ
እሑድ፣ ከቀኑ 8:05

ጣቴ ቆመ። ጫማውን ግን በምን ብር ገዛችው?


ሰርቪስ_ላይ
እሑድ፣ ከቀኑ 8:09

ምዕራፍ 8።